ግንባታ የሚዘገየው መሠረቱ ሳይቆፈር ነው

በኢትዮጵያም ሆነ በኬንያ በመንግሥት ሕንፃ ግንባታ ቦታ አጥር ላይ የሚሰቀለው ሰሌዳ ከሞላ ጎደል አንድ ዓይነት ነው፤ የአሠሪው መሥሪያ ቤት፣ የአማካሪው መሐንዲስና የሥራ ተቋራጩ ስም፣ እንዲሁም ሥራው የሚጀመርበትና የሚጠናቀቅበት ቀን ይጻፍበታል። የመጨረሻው ቀን አልፎ ሕንፃው ገና በእንጨት ድጋፍ ቆሞ ሲታይ የሚቀርበው ማብራሪያም እንደ ሰሌዳው ሁሉ ከቦታ ቦታ እምብዛም አይለያይም፤ ዝናብ በዛ፣ ሲሚንቶ ጠፋ፣ ብረት ተወደደ፣ የውጭ ምንዛሪ ታጣ፣ የጸጥታ ችግር ተፈጠረ ይባላል። ማብራሪያውን የማያምነው ሕዝብ ደግሞ በበኩሉ ተቋራጩ ሰነፍ ወይም አጭበርባሪ ነው ብሎ ይደመድማል። ሁለቱ አስተያየቶች የሚቃረኑ ቢመስሉም በአንድ ነገር ይስማማሉ፤ ይኸውም ግንባታው በደኅና ተጀምሮ ሳለ በኋላ በደረሰ እንቅፋት ወይም በኋላ በገባ ሰው ጥፋት ተጓተተ የሚለው ነው። የዚህ መጣጥፍ ሙግት ከዚህ የጋራ እምነት ጋር ነው። አብዛኛው መዘግየት የሚወለደው ከመሠረት ድንጋዩ በፊት፣ ቦታው ከይገባኛል ሳይጸዳ፣ አፈሩ ሳይመረመር፣ ንድፉ ሳያልቅና ገንዘቡ ሳይያዝ የማጠናቀቂያ ቀን በሚቆረጥበት ጠረጴዛ ላይ ነው፤ ስለዚህም የመጀመሪያው ተጠያቂ ቀኑን የቆረጠው አሠሪ ነው።

ይህን ሙግት ለመፈተን ሞያሌን የሚያህል ቦታ አይገኝም፤ ምክንያቱም ተቃራኒው ወገን የሚጠቅሳቸው እንቅፋቶች በሙሉ እዚያ ተሰብስበው ይገኛሉ። በማርሳቢት ካውንቲ ሥር የምትገኘው የኬንያዋ ሞያሌና በድንበሩ ማዶ ያለችው የኢትዮጵያዋ ሞያሌ በአንድ መንገድ ግራና ቀኝ እንደተሠሩ ሰፈሮች የተያያዙ ከተሞች ሲሆኑ፣ ከናይሮቢም ከአዲስ አበባም ወደ 780 ኪሎ ሜትር ገደማ ይርቃሉ። ከኬንያዋ ኢሲዮሎ ተነሥቶ ሞያሌ የሚገባው 500 ኪሎ ሜትር ያህል መንገድ፣ የአፍሪካ ልማት ባንክና የአውሮፓ ኅብረት ጭምር በሰጡት ገንዘብ በየምዕራፉ ተሠርቶ አስፋልት እስከለበሰበት እስከ እ.ኤ.አ. 2010ዎቹ አጋማሽ ድረስ፣ የዲዳ ጋልጋሉን ጠፍ ምድር በጭነት መኪና ማቋረጥ ቀናትን የሚፈጅ ጉዞ ነበር። ውኃ ብርቅ ነው፤ ሲሚንቶና ብረት ከሩቅ ይመጣሉ፤ ግጭትም ደጋግሞ ጎብኝቷታል። በእንዲህ ያለ ቦታ እንኳ መዘግየትን የሚወስነው የቅድመ ዝግጅት ጉድለት መሆኑ ከታየ፣ እንቅፋቱ በቀለለባቸው ከተሞች የሚቀርበው ሰበብ የቱን ያህል የሳሳ እንደሆነ መገመት አያዳግትም።

አስቀድሞ ግን መዘግየት የሚለው ቃል ራሱ መጥራት አለበት። መዘግየት በሁለት ቀኖች መካከል ያለ ርቀት ነው፤ አንደኛው ሕንፃው ያልቃል ተብሎ ቃል የተገባበት ቀን ሲሆን ሁለተኛው በእርግጥ ያለቀበት ቀን ነው። የመዘግየት ምክንያት ሲመረመር ግን ዓይን ሁሉ የሚያርፈው በሁለተኛው ቀን ላይ ብቻ ነው፤ ሥራው ለምን እስከዚያ ዘገየ ተብሎ ይጠየቃል እንጂ የመጀመሪያው ቀን ከየት መጣ፣ ማን አስቀመጠው፣ በምን ስሌት ተብሎ አይጠየቅም። በሦስት ዓመት ሊያልቅ የሚችል ሕንፃ በ18 ወር ያልቃል ተብሎ ቢታወጅና በሦስተኛው ዓመት ቢጠናቀቅ፣ በመዝገብ ላይ የ18 ወር መዘግየት ይመዘገባል፤ እውነቱ ግን ሥራው በጊዜው ተሠርቶ ቃሉ ብቻ ሐሰት ሆኖ መገኘቱ ነው። እንዲህ ያለውን ሐሰተኛ ቃል ሳይመረምሩ ዝናቡንና ሲሚንቶውን መክሰስ፣ አጭር ገመድ ወደ ጉድጓድ ሰድዶ ውኃው ራቀ እንደማለት ነው።

የመጀመሪያው ቀን የሚሳሳተው በሁለት መንገድ ነው። አንደኛው የሰው አእምሮ ጠባይ ሲሆን፣ ዳንኤል ካነማንና አሞስ ትቨርስኪ የተባሉት የሥነ ልቦና ሊቃውንት እ.ኤ.አ. በ1979 ባቀረቡት ጽሑፍ እንዳስረዱት፣ ዕቅድ አውጪዎች የያዙትን ሥራ ከውስጥ ብቻ እያዩ ሁሉም ነገር በመልካም ቢሄድ የሚፈጀውን ጊዜ ያሰላሉ እንጂ፣ ከዚያ በፊት የተሠሩ ተመሳሳይ ሥራዎች በእርግጥ የፈጁትን ጊዜ አይመለከቱም። ሁለተኛው መንገድ ከመጀመሪያው የከፋ ነው፤ ቀኑ ከሥራው ባሕርይ ሳይሆን ከበጀት ዓመት፣ ከምርጫ ወይም ከበዓል የሚወጣበት ጊዜ ብዙ ነው። የኢትዮጵያ የበጀት ዓመት ሐምሌ 1 ቀን ተጀምሮ ሰኔ 30 ቀን ሲያልቅ የኬንያውም እ.ኤ.አ. ጁላይ 1 ቀን ይጀምራል፤ የተመደበው ገንዘብ ዓመቱ ሳያልቅ ሥራ ላይ ካልዋለ ተመላሽ ይሆናል የሚለው ስጋት ንድፍ ያላለቀለትን ሕንፃ ጨረታ ያስወጣል፣ ቦታው ያልጸዳለትንም ቁፋሮ ያስጀምራል። በዚህ መንገድ የተጀመረ ሥራ በመጀመሪያው ወር የፈጠነ ይመስላል፤ የፈጠነበትን ግን በሁለተኛውና በሦስተኛው ዓመት ከነወለዱ ይከፍላል።

ለዚህ በዓለም ላይ ከታወቁት ምሳሌዎች አንዱ በአውስትራሊያ የሚገኘው የሲድኒ ኦፔራ ቤት ነው። ሕንፃው እ.ኤ.አ. በ1959 ሲጀመር በ1963 ያልቃል፣ ሰባት ሚሊዮን የአውስትራሊያ ዶላር ያህል ይፈጃል ተብሎ ነበር፤ የተጠናቀቀው ግን በ1973 ሲሆን ወጪውም 102 ሚሊዮን ደርሷል። ዝናብ ሥራውን ማወኩ ባይካድም ዋናው ምክንያት እሱ አልነበረም። መንግሥት የፖለቲካው ነፋስ ሳይዞርበት ሥራውን ለማስጀመር ስለቸኮለ፣ እንደ ሸራ የተወጠሩት ጣሪያዎች በምን ስልት እንደሚቆሙ ንድፍ አውጪው ዮርን ኡትዞን ገና መልስ ሳያገኝለት የመሠረቱ ሥራ ተጀመረ፤ መልሱ ሲገኝ ደግሞ አስቀድሞ የቆሙት ምሰሶዎች የጣሪያውን ክብደት ስለማይችሉ ፈርሰው እንደገና መሠራት ነበረባቸው። የቸኮለች አፍስሳ ለቀመች የሚለው የአገር ቤት ብሂል በባለጸጋ አገር የተፈጸመውን ይህን ታሪክ በሦስት ቃል ይጠቀልለዋል።

ከሁሉ የሚደንቀው፣ ሰበብ ሆነው ከሚቀርቡት ነገሮች መካከል አንዳንዶቹን የኢትዮጵያ ሕግ ራሱ አስቀድሞ አለመቀበሉ ነው። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ በአንቀጽ 1792 እንደሚደነግገው፣ ከዐቅም በላይ የሆነ ኃይል አለ የሚባለው ባለዕዳው በተለመደው ሁኔታ ሊገምተው ያልቻለና ግዴታውን እንዳይፈጽም ፍጹም የሚከለክል ነገር ሲደርስ ነው። ሕጉ በዚህ ብቻ አላበቃም፤ በአንቀጽ 1794 ለውሉ አፈጻጸም የሚያስፈልጉ ጥሬ ዕቃዎች ዋጋ መጨመር ወይም መቀነስ፣ በውሉ ሌላ ስምምነት ከሌለ በቀር፣ ከዐቅም በላይ የሆነ ኃይል እንደማይባል በግልጽ ያስቀምጣል። ይኸው ሕግ በመንግሥት አስተዳደር ውሎች ላይ ያልታሰበ ሸክም ሲመጣ ውሉ የሚሻሻልበትን መንገድ ማበጀቱ እውነት ነው፤ ያም ቢሆን ሸክሙን ለመካፈል የተበጀ እንጂ ጊዜን እንዳሻ ለማባከን የተሰጠ ፈቃድ አይደለም። በኬንያ በሚሠራው የእንግሊዝ ሥር ባለው ሕግ ደግሞ፣ ከዐቅም በላይ የሆነ ኃይል የሚጠቅመው በውሉ በተጻፈው ልክ ብቻ ነው፤ ያልተጻፈ ሰበብ አያድንም። ሕግ አዋቂዎች ከስድሳ ዓመት በፊት ሊጠበቅ የሚገባው ብለው የፈረጁት የዋጋ ንረት ዛሬ በየሪፖርቱ ያልተጠበቀ ክስተት ተብሎ ሲጻፍ፣ የተለወጠው ዕቅድ የማውጣት ኃላፊነት ስሜት እንጂ የገበያው ጠባይ አይደለም። በሐምሌ 2016 ዓ.ም. የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ሲደረግ የደረሰው ድንጋጤ ከባድ ነበር፤ ነገር ግን የብር ዋጋ ከዚያ በፊትም ለብዙ ዓመታት ሲወርድ የኖረ ስለሆነ፣ በርካታ ዓመታት በሚፈጅ ውል ውስጥ የዋጋ ማስተካከያ ስሌት አለማስገባት የአሠሪው ጉድለት ሆኖ ይቀራል።

ዝናብን በተመለከተም ሞያሌ ጥሩ አስተማሪ ናት። በኢትዮጵያ ደጋማ አካባቢዎች ዋናው የዝናብ ወቅት ከሰኔ እስከ መስከረም የሚዘልቀው ክረምት ሲሆን፣ በቦረና ምድርና በሰሜን ኬንያ ግን ዝናብ ሁለት ጊዜ ይመጣል፤ ትልቁ ገና የሚባለው ከመጋቢት እስከ ግንቦት፣ ትንሹ ሐገያ የሚባለው በጥቅምትና በኅዳር አካባቢ ይጥላል፤ ሰኔ፣ ሐምሌና ነሐሴ ደግሞ ቀዝቃዛና ደረቅ ናቸው። በአዲስ አበባ ልማድ ክረምትን የእረፍት ወቅት፣ በልግን የቁፋሮ ወቅት አድርጎ የሥራ መርሐ ግብር የሚነድፍ ሰው፣ በሞያሌ መሠረት የሚቆፍረው በጎርፍ ወር፣ እጁን አጣጥፎ የሚቀመጠው በደረቁ ወር ይሆናል። እንዲህ ላለው ዕቅድ መክሸፍ ዝናቡ ምንም በደል የለበትም፤ የቦረና አርብቶ አደር ከትውልድ ትውልድ ከብቱን የሚነዳበትን የወቅት ቀመር ጠይቆ መረዳት ለአንድ መሐንዲስ የአንድ ቀን ሥራ ነው።

የውኃም ነገር እንዲሁ ነው። አርማታ ማለትም የሲሚንቶ፣ የአሸዋ፣ የጠጠርና የውኃ ውሕድ፣ ከተሞላ በኋላ ጥንካሬ እንዲይዝ ቢያንስ ለሰባት ቀናት ያህል ሳይደርቅ ውኃ ሊጠጣ ይገባዋል፤ የሚለካበት ሙሉ ጥንካሬ ላይ የሚደርሰውም በ28 ቀን ነው። ነዋሪው በጀሪካንና በቦቴ ውኃ በሚገዛበት ከተማ ለአንድ ባለ ሦስት ፎቅ ሕንፃ የሚሆን ውኃ ከየት እንደሚመጣ ከጨረታው በፊት ካልተወሰነ፣ ሥራው ሲጀመር ተቋራጩ ከሕዝቡ ጋር በአንድ ቦቴ ይሻማል፤ ከዚያም ወይ ሥራው ይቆማል፣ ወይ አርማታው ሳይጠጣ ይደርቅና በኋላ ተሰንጥቆ ይፈርሳል። የራሱን ጥልቅ ጉድጓድና ማጠራቀሚያ ከመሠረቱ ቁፋሮ በፊት የሚያዘጋጅ ፕሮጀክት ግን ይህን ችግር በዕለት ሥራው ላይ አያገኘውም። እጥረቱ የተፈጥሮ ነው፤ እጥረቱን ወደ መዘግየት የሚለውጠው ግን አለመዘጋጀት ነው።

የተቃራኒው ወገን ትልቁ ማስረጃ ጸጥታ ነው፤ ይህንም በቅንነት መመልከት ይገባል። በሐምሌ 2004 ዓ.ም. በኢትዮጵያዋ ሞያሌ በተነሣው ግጭት ብዙ ሺህ ሕዝብ ወደ ኬንያ ተሻግሯል፤ እ.ኤ.አ. በዲሴምበር 2013 ደግሞ በኬንያዋ ሞያሌ በተነሣው ግጭት ቤቶች ተቃጥለው ሕዝቡ ወደ ኢትዮጵያ ሸሽቷል፤ መጋቢት 1 ቀን 2010 ዓ.ም. ወታደሮች ዘጠኝ ሰላማዊ ሰዎችን ከገደሉ በኋላም ብዙ ሺህ ነዋሪዎች እንደገና ድንበሩን ወደ ኬንያ ተሻግረዋል። ሕዝብ በሚሰደድበት ሰዓት ግንበኛ መዶሻውን ይዞ ይቁም የሚል ሰው የለም፤ ሥራው ይቆማል፣ መቆምም አለበት። ሆኖም ሁለት ነገሮች መታሰብ ይኖርባቸዋል። አንደኛ፣ በስድስት ዓመት ውስጥ ሦስት ጊዜ የደረሰ ነገር ሊገመት ያልቻለ ነው ሊባል አይችልም፤ በመርሐ ግብሩ ውስጥ መጠባበቂያ ቀናትና ዕቃ የሚጠበቅበት ሥርዓት፣ ከአባ ገዳዎችና ከሽማግሌዎች ጋር አስቀድሞ የሚደረግ ምክክርም ቦታ ሊኖራቸው ይገባል። ሁለተኛ፣ የሳምንታት ወይም የወራት ግጭት የዓመታትን መዘግየት አይገልጽም፤ ያ ሁሉ ግጭት በተፈራረቀበት ዘመን ከኢሲዮሎ ሞያሌ ያለው ረጅም መንገድ በዚያው ምድር ላይ ተሠርቶ አልቋልና።

በዚሁ በማርሳቢት ካውንቲ የተፈጸመ ሌላ ታሪክ ሙግቱን እንደ ሚዛን ይለየዋል። በሎይያንጋላኒ አካባቢ የተተከለው የቱርካና ሐይቅ የነፋስ ኃይል ማመንጫ 365 የነፋስ ተርባይኖች ያሉትና 310 ሜጋ ዋት የማመንጨት ዐቅም ያለው ሲሆን፣ ግንባታው እ.ኤ.አ. በ2014 መጨረሻ ተጀምሮ በ2017 መጀመሪያ ተጠናቋል። እንደ ሞያሌ ሁሉ የራቀ፣ ከሞያሌ የባሰ የደረቀ፣ ግጭትም የማያጣው ቦታ ነው፤ ነገር ግን ባለቤቶቹ ለዓመታት ነፋሱን ለክተው፣ ገንዘቡን በሙሉ አስረው፣ ዕቃው ሊጓጓዝበት የሚገባውን ከላይሳሚስ የሚነሣ 208 ኪሎ ሜትር መንገድ አሠርተው ነው ወደ ተከላው የገቡት። ኃይሉን ወደ ሱስዋ የሚያደርሰው ከ400 ኪሎ ሜትር የሚበልጥ የማስተላለፊያ መስመር ደግሞ በመንግሥት በኩል ይሠራ ነበር፤ ምሰሶዎቹ የሚያልፉበት መሬት ከባለይዞታዎች ጋር ተደራድሮ አላለቀም ነበር፣ የመጀመሪያው የስፔን ተቋራጭም ለኪሳራ ተዳረገ፤ ስለዚህ መስመሩ የተጠናቀቀው እ.ኤ.አ. በሴፕቴምበር 2018 ነው። ተርባይኖቹ ለአንድ ዓመት ተኩል ያህል ኃይላቸውን የሚወስድ መስመር አጥተው ቆሙ፤ መንግሥትም ላልተላለፈ ኃይል ካሣ ለመክፈል ተገደደ። በአንድ ዘመን የተሠሩት ሁለቱ ሥራዎች የተለያዩት በዝግጅታቸው ነው። የነፋስ ኃይሉም ቢሆን በመሬት ጥያቄ ረገድ ንጹሕ ሆኖ አልወጣም፤ እ.ኤ.አ. በ2021 በሜሩ የሚገኘው የአካባቢና የመሬት ጉዳዮች ፍርድ ቤት የይዞታው ሰነድ በሕገ ወጥ መንገድ የተገኘ ነው ብሎ ወስኗል፤ በመጀመሪያ ያልተፈታ የመሬት ጥያቄ ሥራው ካለቀ በኋላም ተከትሎ እንደሚመጣ ይህ ማስረጃ ነው።

ወደ ሞያሌ ስንመለስ፣ ዋናው የመንግሥት ግንባታ የጋራ የድንበር ጣቢያው ነው። የጋራ የድንበር ጣቢያ ማለት መንገደኛና ጭነት ከአንዱ አገር ሲወጡ አንድ ጊዜ፣ ወደ ሌላው ሲገቡ ሌላ ጊዜ መቆማቸው ቀርቶ፣ የሁለቱ አገሮች የኢሚግሬሽንና የጉምሩክ ሠራተኞች ጎን ለጎን በሚሠሩበት በመግቢያው አገር ሕንፃ ውስጥ አንድ ጊዜ ብቻ ቆመው ሁለቱንም የሚጨርሱበት አሠራር ነው። በአፍሪካ የመጀመሪያው እንዲህ ያለ ጣቢያ እ.ኤ.አ. በ2009 በዛምቢያና በዚምባብዌ ድንበር በቺሩንዱ የተከፈተው ነው። የሞያሌው ኅዳር 30 ቀን 2013 ዓ.ም. በጠቅላይ ሚኒስትር ዐቢይ አሕመድና በፕሬዚዳንት ኡሁሩ ኬንያታ ተመርቋል፤ ወደ ሥራ የገባው ግን ከወራት በኋላ እ.ኤ.አ. በ2021 ነው። በምረቃና በአገልግሎት መካከል ላለ ክፍተት ሲሚንቶ፣ ብረትና ዝናብ ምክንያት ሊሆኑ አይችሉም፤ ሕንፃው ቆሟልና።

ይህ ጣቢያ የሚያስተምረው ከሁሉም የጠለቀ ነው። የአንድ አገር መኮንን በሌላው አገር መሬት ላይ የራሱን ሕግ እንዲያስፈጽም የሚፈቅድ ስምምነት ያስፈልጋል፤ የምሥራቅ አፍሪካ ማኅበረሰብ አባላት እ.ኤ.አ. በ2016 ለዚህ የሚሆን የጋራ ሕግ አውጥተዋል፣ ኢትዮጵያ ግን የማኅበረሰቡ አባል ስላልሆነች ከኬንያ ጋር የምትመራው በሁለትዮሽ ስምምነት ነው። የመስኮቶቹ ብዛት፣ የቢሮዎቹ አቀማመጥ፣ የመረጃ መረቡ፣ የታሳሪ ማቆያውና የመጋዘኑ ስፋት ሁሉ የሚወሰኑት በዚያ ስምምነትና ከእሱ በሚወጣው የአሠራር መመሪያ ነው። ለረጅም ዘመን የኬንያዋ ሞያሌ የኤሌክትሪክ ኃይል ያገኘችው ከኢትዮጵያ በኩል መሆኑ ሲታከልበት፣ አንድ ሕንፃ የስንት ተቋማትን ቀድሞ መስማማት እንደሚጠይቅ ግልጽ ይሆናል። ግድግዳ ከሕግ ቀድሞ ከቆመ፣ ሕጉ በመጣ ጊዜ ወይ ግድግዳው ይፈርሳል ወይ ሕጉ ከግድግዳው ጋር እንዲስማማ ይጎብጣል፤ ሁለቱም ጊዜ ይበላሉ።

ተቋራጩን ብቸኛ ጥፋተኛ የሚያደርገው የሕዝብ አስተያየትም ምርመራ ይሻል። ደካማ ተቋራጭ፣ ማሽን የሌለው ተቋራጭ፣ ለአንድ ሥራ የተቀበለውን ገንዘብ ወደ ሌላ ሥራ የሚያዞር ተቋራጭ አለ፤ ይህን መካድ እውነትን መካድ ነው። ነገር ግን እሱን የመረጠው ማን ነው? በአዋጅ ቁጥር 649/2001 ሥር በኢትዮጵያ ለዓመታት የተሠራበት የመንግሥት ግዥ ልማድ የቴክኒክ ማጣሪያውን ካለፉት መካከል ዝቅተኛ ዋጋ ላቀረበው ሥራውን ሲሰጥ ኖሯል። ሊሠራበት በማይቻል ዋጋ ያሸነፈ ድርጅት የሚተርፈው እስከ ውሉ ዋጋ 30 በመቶ ሊደርስ በሚችለው ቅድመ ክፍያ፣ በንድፍ ለውጥ በሚጠየቅ ተጨማሪ ክፍያና በጊዜ ማራዘሚያ ነው፤ ያልተሟላ ንድፍ ለእንዲህ ያለው ድርጅት በረከት ነው። ቅጣቱም ቢሆን መንገዱን አይዘጋበትም፤ በተለመደው የመንግሥት ውል የመዘግየት ቅጣት በቀን የአንድ ሺህኛ ያህል ሆኖ ጠቅላላው ከ10 በመቶ አይበልጥም፣ ይህም ማለት በመቶኛው ቀን ቅጣቱ ያልቃል፤ ከዚያ በኋላ ለሚዘገየው ለእያንዳንዱ ቀን ተቋራጩ ተጨማሪ ቅጣት አይከፍልም። ይህን የመሰለ ሥርዓት ዘርግቶ የተቋራጭን ስንፍና ማውገዝ፣ በር ከፍቶ ሌባን እንደመራገም ይቆጠራል።

ከዚህም በላይ አሠሪው ራሱ በየወሩ መዘግየትን ያመርታል። በውሉ መሠረት ተቋራጩ የሠራውን ሥራ አማካሪው መሐንዲስ ለክቶ የክፍያ የምስክር ወረቀት ያወጣል፣ አሠሪውም በተወሰነ ቀን ውስጥ ሊከፍል ግዴታ አለበት። በኬንያ እ.ኤ.አ. በ2013 የካውንቲ አስተዳደር ከተጀመረ ወዲህ ከአገሪቱ የማያቋርጡ የፋይናንስ ችግሮች አንዱ ሥራቸው ተጠናቆ ክፍያቸው ያልተፈጸመ ሒሳቦች ክምችት ነው፤ በኢትዮጵያም የክፍያ መዘግየት የተቋራጮች ዘወትራዊ አቤቱታ ነው። ይህ በሞያሌ ላይ ሲያርፍ ጉዳቱ ይበረታል። የሠለጠነው ግንበኛ፣ ፌሮ ሠራተኛና አናጺ ከሩቅ ከተማ የመጣ እንግዳ ከሆነ፣ ደሞዙ ሁለት ሳምንት ሲዘገይ አውቶቡስ ተሳፍሮ ይመለሳል፤ ገንዘቡ ሲለቀቅ እሱን መልሶ ማምጣት ሌላ ሳምንታት ይፈጃል፤ በመሐሉም ብረት ይወደዳል፣ የዝናቡ ወቅት ይገባል። በሪፖርቱ ላይ የሚጻፈው ግን የብረቱ መወደድና የዝናቡ መግባት ብቻ ነው፤ ክፍያውን ያዘገየው ፊርማ አይጻፍም።

የዚህ ሙግት ተቃዋሚዎች የሚያነሡት አንድ ክብደት ያለው ጥያቄ አለ፤ ሁሉም ነገር እስኪጠና ከተጠበቀ ምንም አይጀመርም፣ ሕዝቡ ደግሞ ትምህርት ቤቱን፣ ጤና ጣቢያውንና መኖሪያ ቤቱን ዛሬ ይፈልጋል ይላሉ። የሕዝቡ ጥማት እውነተኛ ነው፤ በአዲስ አበባ በ1997 ዓ.ም. ለጋራ መኖሪያ ቤት ተመዝግበው ከ15 ዓመት በኋላም ዕጣ ሲጠብቁ የነበሩ ሰዎች ታሪክ ለዚህ ምስክር ነው። ነገር ግን ቶሎ መጀመር ቶሎ ማግኘት አይደለም። አንድ ሕንፃ በአንድ ዓመት ጥናት ተዘጋጅቶ በሁለት ዓመት ቢሠራ ሕዝቡ በሦስተኛው ዓመት ይገባበታል፤ ያለ ጥናት ተጀምሮ አምስት ዓመት ቢጓተት ግን ሁለት ዓመት ይዘገይበታል፣ በዚያም ላይ የታሰረው ገንዘብ ሌላ ሕንፃ ሊሠራበት ሲችል በዝናብ ውስጥ ዝጎ ከሚቆም ፌሮ ጋር ይቀራል። ጥናት ላይ የሚውል ወር በወረቀትና በጥቂት ባለሙያዎች ደሞዝ የሚለካ ሲሆን፣ በግንባታ ላይ የሚባክን ወር በማሽን ኪራይ፣ በዘበኛ፣ በባንክ ወለድና በዋጋ ንረት ይለካል። መጥኖ መደቆስ የሚለውን ምክር እናቶች በየማድ ቤቱ ያስተማሩት ለዚህ ነው።

ስለዚህ መድኃኒቱ ያለው ቃል በሚገባበት ቦታ ነው። የመሬቱ ይዞታ ሳይጠራ፣ በሰሜን ኬንያ ደግሞ እ.ኤ.አ. በ2016 የወጣው የማኅበረሰብ መሬት ሕግ የሚጠይቀው የነዋሪዎች ስምምነት ሳይገኝ፣ የአፈር ምርመራው ሳይወጣ፣ የሥራ ንድፉ ሳያልቅ፣ የውኃና የመብራት ምንጭ ሳይወሰንና የመጀመሪያው ዓመት ብቻ ሳይሆን የሙሉ ሥራው ገንዘብ ሳይረጋገጥ የመሠረት ድንጋይ መጣል የሚከለክል ደንብ ያስፈልጋል። የማጠናቀቂያ ቀን ሲታወጅ፣ ቀደም ሲል በዚያው አካባቢ የተሠሩ ተመሳሳይ ሕንፃዎች የፈጁት ጊዜ አብሮ ይፋ ሊሆን ይገባል። የተረጋገጠ ክፍያ በወቅቱ የሚለቀቅበት የተለየ ሒሳብ ሊኖር፣ ያዘገየ አሠሪም ወለዱን ያለ አቤቱታ ሊከፍል ይገባል። የመዘግየት መዝገብ ሲያዝም ምክንያቱ ከመሠረት ድንጋዩ በፊት የነበረ ወይስ በኋላ የመጣ መሆኑ ተለይቶ፣ ከአሠሪውም ከተቋራጩም ነጻ በሆነ አካል ሊጻፍ ይገባል፤ ራሱ ያዘገየ መሥሪያ ቤት የራሱን መዘግየት ምክንያት እስከጻፈ ድረስ ጥፋተኛው ዘወትር ሰማዩ ይሆናል።

በአጥሩ ላይ የሚሰቀለው ሰሌዳም ሊታረም ይገባዋል። የአሠሪው፣ የአማካሪውና የተቋራጩ ስም እንዳለ ሆኖ፣ ከማጠናቀቂያው ቀን በታች ቀኑን የወሰነው ኃላፊ ማዕረግና ቀኑ የተወሰነበት ጥናት የወጣበት ዕለት ቢጻፍ፣ በሞያሌ ድንበር ላይ ዕቃውን አዝሎ የሚያልፈው ነጋዴም ሆነ ማርሳቢት ላይ የተቀመጠው አስተዳዳሪ መጠየቅ ያለበትን ጥያቄ በአንድ እይታ ያገኘዋል። ጥናቱ የወጣበት ዕለት ከመሠረት ድንጋዩ በኋላ ሆኖ የተገኘ እንደሆነ፣ የመዘግየቱን ምክንያት ለማወቅ ዝናቡ እስኪመጣ መጠበቅ አያስፈልግም፤ ምክንያቱ ገና በመጀመሪያው ቀን በሰሌዳው ላይ ተጽፎ ይነበባል።